የዘንገና ዐለትና ፈሳሹ መስተዋት

ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ፣ የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር ያህል ይደርሳል። አካባቢው እሳተ ገሞራ በተፋው ዐለትና አመድ የተሞላ ሲሆን፣ የእንዲህ ዓይነቱ ጥቁር ዐለት ግማሽ ያህሉ ሲሊካ ነው። ታዲያ ይህን ብናኝ ያለ ሲሚንቶ አያይዞ ግድግዳ ማቆም ይቻል ይሆን? የሲሚንቶ እጥረትና ዋጋ ቤት ሠሪውን ባማረረበት አገር ጥያቄው ተራ አይደለም።

መልሱን ፍለጋ ሶዲየም ሲሊኬት ከሚባለው ውሁድ እንነሣለን። ጀርመናዊው ኬሚስት ዮሐን ፎን ፉክስ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያጠናው ይህ ውሁድ «የውኃ መስተዋት» በመባልም ይታወቃል። የሚሠራው የሲሊካ አሸዋንና ሶዳ አሽን ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ አብሮ በማቅለጥ ነው፤ ሶዳ አሽ በአገራችን ከአብያታ ሐይቅ ውኃ ሲመረት እንደነበር ልብ ይሏል። የመስኮት መስተዋትን ከመሟሟት የሚጠብቀው ካልሲየም እዚህ ስለሌለ፣ የተገኘው መስተዋት በትኩስ እንፋሎትና በግፊት ሟሙቶ እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ ይሆናል።

ብረት አቅላጮች በዚህ ፈሳሽ አሸዋ ለውሰው ቅርጽ ያስይዙና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፉበታል። ጋዙ አልካሊውን ሲያረክሰው ሲሊካው ወደ ጄል ይለወጥና ቅርጹን ወዲያው ያጠነክረዋል። ውሁዱ ለካርቶን ሙጫም፣ ለሳሙናም ይውላል። ብቻውን ግን ለግድግዳ አይሆንም፤ ዝናብ ያላላዋል።

የእሳተ ገሞራ አመድ ሲጨመርበት ነገሩ ይለወጣል። አልካሊው የአመዱን ሲሊካና አሉሚና ያሟሟል፤ እነርሱም መልሰው ሲያያዙ ውኃ በቀላሉ የማያላላው መረብ ይሠራሉ። ቪክቶር ግሉኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኪየቭ በአልካሊ የሚጠነክሩ አያያዦችን ሠርቷል፤ ፈረንሳዊው ጆሴፍ ዳቪዶቪትስ ደግሞ በ1970ዎቹ ለመሰሎቹ «ጂኦፖሊመር» የሚል ስም ሰጥቷል። ለሲሚንቶ ከሚቃጠለው እያንዳንዱ 100 ኪሎ ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 44ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይተንናል፤ ይህኛው መንገድ የኖራ ድንጋይ ማቃጠል አይሻም።

ነገር ግን ሶዲየም ሲሊኬት ራሱ በእሳት የሚሠራና ውድ ነው። አመድም ሁሉ እኩል አይደለም፤ ፈጥኖ የቀዘቀዘውና መስተዋትነቱ ያልጠፋው ሲሟሟ፣ ቀስ ብሎ የረጋው ክሪስታል ግን እምብዛም አይሟሟም። (የሐይቁን ጠርዝ ቆፍሩ ማለታችንም አይደለም፤ ለሙከራ ለመንገድ ሥራ ከተቆፈረ ጉድጓድ የሚገኘው ይበቃል።)

ለሙከራው አመዱ እንደ ዱቄት ይፈጫል፤ ፈሳሹ ቆዳንና ዐይንን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ግድ ነው። ከ28 ቀን በኋላ ከናሙናዎቹ ግማሹ ደረቅ እንዳለ፣ ግማሹ በውኃ ተነክሮ ከቆየ በኋላ በመጭመቂያ መኪና ይሰበራል። ለክረምተ ብዙው አዊ የሚያስፈልገው ቁጥር የሁለተኛው ነው።