ከእህቱ መቅኔ ጋር የመጣው ቫይረስ

ዴቪድ ቬተር እ.ኤ.አ. በ1971 ሂዩስተን፣ ቴክሳስ እንደተወለደ ወዲያው ከጀርም በጸዳ የላስቲክ ክፍል ውስጥ ገባ። ሰውነቱ በሽታ የሚከላከልበት አቅም አልነበረውም። እናቱ የምታቅፈው ከግድግዳው ጋር በተያያዘ ወፍራም ጓንት ነበር። 12 ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ1983 መገባደጃ ከእህቱ መቅኔ ተሰጠው። መቅኔዋ ከእሱ ጋር በደንብ የሚገጥም ስላልነበረ የልጁን አካል እንዳያጠቃ ቲ ሕዋሳት የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳቷ ቦስተን ውስጥ ተለይተው እንዲወጡ ተደረገ። ከወራት በኋላ ትኩሳቱ፣ ትውከቱና የአንጀት መድማቱ ጸና። ለሕክምና ከላስቲኩ ሲወጣ እናቱ በባዶ እጇ ዳሰሰችው። ከወጣ በ15ኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1984፣ ዐረፈ። አስከሬኑ ሲመረመር ዕጢ በየአካሉ ተሰራጭቶ ተገኘ።

ዕጢውን ያመጣው ኤፕስታይን ባር የሚባለው ቫይረስ ነው፤ በእህቱ መቅኔ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ይህ ቫይረስ ለኡጋንዳ እንግዳ አይደለም፤ በ1964 የታወቀው ከዚያ ወደ ለንደን በተላከ የዕጢ ናሙና ነው። ከአዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ ይሸከሙታል። ቢ ሕዋሳት በሚባሉ ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ አድፍጦ ይኖራል፤ ቲ ሕዋሳት ዘብ ስለሚቆሙበት ብዙዎቻችን መኖሩንም አናውቅም። ከንቅለ ተከላ በኋላ ግን ዘቡ ይሳሳል። ቢ ሕዋሳቱ ያለ ከልካይ ሊባዙ፣ ሊምፎማ ወደሚባል ካንሰርም ሊለወጡ ይችላሉ። አደጋው የሚያይለው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት፣ በተለይም ለጋሹ በደንብ ካልገጠመ ወይም ቲ ሕዋሳቱ ከተወገዱ ነው።

መፍትሔውም የተገኘው ከዚያው ከዘቡ ነው። በ1994 የኒው ዮርክ የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ሐኪሞች የመቅኔ ለጋሾቹን ነጭ የደም ሕዋሳት እንዲህ ያለ ዕጢ ለያዛቸው አምስት ሕሙማን ሰጡ፤ የአምስቱም ዕጢ ጠፋ፣ ሁለቱ ግን በሕይወት አልተረፉም። ዛሬ ቀድሞ የሚሰጠው ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ነው። ለእሱ አልበገር ላለ ሕመም በቫይረሱ ላይ የሠለጠኑ የለጋሽ ቲ ሕዋሳት አሉ፤ ታቤሌክሉሴል የተባለውን የአውሮፓ ኅብረት በ2022 መጨረሻ ፈቅዷል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ቀላሉ ነገር ነው፤ አደጋ ያለበትን ሕመምተኛ ደም በየሳምንቱ እየመረመሩ የቫይረሱን መጠን መከታተል። መድኃኒቱ ይበልጥ የሚያግዘው ዕጢው ሳይስፋፋ ሲደረስበት ነውና። ስለዚህ ከቤተሰብዎ ለመቅኔ ንቅለ ተከላ ውጭ አገር ሄዶ የተመለሰ ካለ፣ ትኩሳት ሲያስቸግረው ወይም አንገቱና ብብቱ ላይ ንፍፊት ሲወጣ “ጉንፋን ነው፣ ያልፋል” አይበሉት። በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይደውሉ።