ጅማን «ጅ» ያደረገ ትእዛዝ

«ጎንደር» የሚለው ቃልና ከኋላው ስፔስ ያለበት «ጎንደር» ለዓይን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን አንደኛው 4፣ ሁለተኛው 5 ቁምፊ ነው፤ ሲያነጻጽራቸው «አይመሳሰሉም» ይላል። ቅጽ የሚሞላ ሰው ሳያስበው ስፔስ ከነካ ስሙ ተመዝግቦ ሳለ በፍለጋ ላይገኝ ይችላል። ከዊንዶውስ የመጣ ፋይልም በየመስመሩ መጨረሻ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ይዞ ይመጣል። ከቴሌታይፕ ዘመን የተወረሱ ናቸው፦ አንዱ የማተሚያውን ራስ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልስ፣ ሌላው ወረቀቱን ወደሚቀጥለው መስመር ያሳልፍ ነበር። ሊኑክስ የሚጠቀመው በሁለተኛው ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያው እንደተለጠፈ ይቀራል።

ይህን ትርፍ ለመቁረጥ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ «አርስትሪፕ» የሚባል ትእዛዝ አለው። ምንም ሳንጨምርበት ስንጠራው ስፔስን፣ ታብንና የመስመር ማብቂያዎችን ከጽሑፉ መጨረሻ ይጠርጋል። ጣጣው የሚመጣው የሚቆረጠውን እኛ ስንነግረው ነው።

የከተሞች ዝርዝር አለን እንበል፤ ከየስሙ ኋላ ያለውን «ከተማ» ከነስፔሱ ለማንሳት ለአርስትሪፕ ሰጠነው። «ጎንደር ከተማ» በትክክል «ጎንደር» ሆነ፤ «ደሴ ከተማ»ም «ደሴ»። «ጅማ ከተማ» ግን «ጅ» ሆኖ ወጣ፣ «አዳማ ከተማ»ም «አዳ»። አርስትሪፕ የሰጠነውን እንደ ቃል አያነበውም። ስፔስ፣ ከ፣ ተ እና ማ የሚባሉ የአራት ቁምፊዎች ስብስብ አድርጎ ይወስደውና ከመጨረሻው ተነስቶ ከስብስቡ ውጭ የሆነ ቁምፊ እስኪያጋጥመው ድረስ አንድ በአንድ ይጥላል። የጅማ «ማ» በስብስቡ ውስጥ ስላለች አብራ ተጠረገች። ስሕተቱን አደገኛ የሚያደርገው መደበቁ ነው፤ ጎንደርንና ደሴን አይቶ የረካ ፕሮግራመር ጅማ ላይ ሳይደርስ ሥራውን ያስረክባል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓይተን 3.9 «ሪሙቭሰፊክስ» የተባለ ትእዛዝ ጨመረ። እሱ ቃሉን እንዳለ መጨረሻው ላይ ካገኘው አንድ ጊዜ ያነሳል፣ ካላገኘው ጽሑፉን አይነካም። ከመነሻው ሊኖር የሚገባው ነበር።

አማርኛ የራሱ ፈተና አለው። አራት ነጥብ በዩኒኮድ የራሱ ኮድ እያለው ብዙ ጸሐፊ ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ ይሠራዋል። አንባቢ ልዩነቱን አያይም፤ ኮምፒውተር ግን አንዱን አንድ፣ ሌላውን ሁለት ቁምፊ ብሎ ይቆጥራል። ሁለት ነጥብ ቃል ቢለይም ዩኒኮድ የመደበው ከሥርዓተ ነጥብ እንጂ ከባዶ ቦታ ጋር አይደለም፤ ስለዚህ ምንም ያልተሰጠው አርስትሪፕ ያልፈዋል። እዚህ ላይ ጅማን የጎዳው የስብስብ አሠራር ይጠቅማል፦ ሁለቱን ምልክቶች ብንሰጠው በሁለቱም መንገድ የተጻፈውን አራት ነጥብ ያነሳል።

የአማርኛ ጽሑፍ የምታጸዱ ባለሙያዎች፣ ዋናውን ፋይል ሳትነኩ ቅጂው ላይ ሥሩ፤ በ«ማ» የሚያልቁ ስሞችንም አስገብታችሁ ፈትኑ።