ተዋናይ ከቃሉ በፊት ሰውየውን ይወቅ

የቴአትር ድርሰት በእጁ የገባለት ተዋናይ ብዙውን ጊዜ የሚጣደፈው የራሱን ንግግር ፈልጎ በቃሉ ለማጥናት ነው። ይሁን እንጂ ንግግሩን ማጥናትና ሰውየውን ማወቅ የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮን የኪነ ጥበብ ቴአትር ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ፣ ተዋናይ አስቀድሞ የሚጫወተው ሰው በየትዕይንቱ ምን እንደሚፈልግ እንዲመረምር ያስተምር ነበር።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ከገዳሪፍ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ ገላባት ይደርሳል፤ ከድንበሩ ማዶ መተማ ትገኛለች። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው የሞቱት በዚህ ስፍራ ነው። ከመሞታቸው በፊት፣ እስከዚያ ቀን የወንድማቸው ልጅ ይባል የነበረውን መንገሻን ልጄ ነው ብለው ወራሻቸው አደረጉት።

ይህ ታሪክ በቴአትር ቢቀርብ፣ ንጉሠ ነገሥቱን የሚጫወተው ሰው ድምፁን አጉልቶ ጀግንነትን ብቻ ቢያሳይ ተመልካቹ የሚያየው ሐውልት ነው። በዚያች ሰዓት ምን ይፈልጋሉ ብሎ ቢጠይቅ ግን፣ ዘውዱ ያለ ወራሽ እንዳይቀር መሆኑን ይረዳል። የሚያስቸግራቸውም ቁስላቸው፣ የጊዜው ማጠርና የመኳንንቱ ልብ አለመታወቅ ነው። ይህን የተረዳ ተዋናይ ድምፁ በራሱ ዝቅ ይላል፤ ዐይኑም ከአንዱ መኰንን ወደ ሌላው ይዘዋወራል። እንዲህ ያለው ዝምታ ከፉከራ ይልቅ ይሰማል።

የደርቡሾቹን አዛዥ ዘኪ ጡማልን የሚጫወተው ተዋናይ ፈተናው ይብሳል። ሰውየውን ጠልቶ ከተነሣ ፊቱን ከማክፋት በቀር የሚያሳየው የለውም። ዘኪ ግን በራሱ ዐይን ለእምነቱና ለኸሊፋው የሚዋጋ የጦር አለቃ ነበር። ተዋናይ ፍርዱን ለተመልካች ትቶ ለሚጫወተው ሰው ጠበቃ ሊሆንለት ይገባል። ጥቅሙም ከመድረክ ያልፋል። የገላባትና የመተማ ሰዎች ጎረቤታሞች ናቸውና፣ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ቢመለከቱ የአንዳቸው አባት አውሬ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም።

እንግዲህ ተዋናይ ድርሰቱን ሦስት ጊዜ ያንብብ። በመጀመሪያ ታሪኩን ይረዳ። በሁለተኛው ሰውየው ስለ ራሱ የተናገረውንና ሌሎች ስለ እርሱ የተናገሩትን ለይቶ ይጻፍ። በሦስተኛው ንግግሩና ሥራው የማይስማሙበትን ስፍራ ይፈልግ፤ ጠባይ የሚገለጠው በዚያ ነውና። ከዚህ በኋላ ቃሉን ማጥናት ይቀላል፤ ለምን እንደሚናገር ያወቀ ሰው የሚናገረውን በቀላሉ አይረሳምና።