ዘጠነኛውን ዙር የሚዘጋው ሰው

ቤዝቦል ሰዓት የለውም። የሚመራው ቡድን ኳስ ይዞ ደቂቃ ሊገድል አይችልም፤ ለማሸነፍ በዘጠነኛውና በመጨረሻው ዙር ሦስት የተቃራኒ ቡድን መቺዎችን ከጨዋታ ውጪ ማድረግ አለበት። ሦስተኛው እስኪወጣ ድረስ ምንም አላለቀም። ሲመራ ያመሸ ቡድን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም ሊያጣ የሚችለው ለዚህ ነው። ደጋፊው ደግሞ ንዴቱን የሚያሳርፈው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ መሪነቱን እንዲያስጠብቅ መጨረሻ ላይ በገባው ተቀያሪ ወርዋሪ።

ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ዙር ይወረውራል። አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይገባም። ከእሱ በኋላ ተቀያሪዎች በየተራ ይገባሉ፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚታመንበት «ክሎዘር» ይባላል፣ ሥራውም ዘጠነኛውን ዙር መዝጋት ነው። ቡድኑ በሦስት ወይም ከዚያ ባነሰ ነጥብ እየመራ ገብቶ ዙሩን በድል ከጨረሰ «ሴቭ» ይመዘገብለታል። ይህ መለኪያ ይፋዊ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። መሪነቱን ካስነጠቀም ይመዘገብበታል። አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ አለው፣ ማለትም ወደ 1,450 ዙር፤ ክሎዘሩ ከዚህ ውስጥ የሚወረውረው ስድሳ ወይም ሰባ ዙር ቢሆን ነው። ሆኖም ደጋፊው ልቡ ተሰቅሎ የሚያያቸው እነዚያኑ ዙሮች ነው።

የዚህን ሥራ ጭካኔ ከብራድ ሊጅ ታሪክ የተሻለ የሚያስረዳ አላውቅም። በ2005 ሂውስተን አስትሮስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዎርልድ ሲሪስ ለተባለው የፍጻሜ ውድድር ለማለፍ አንድ መቺ ማስወጣት ብቻ ሲቀረው፣ የሴንት ሉዊሱ አልበርት ፑሆልስ የሊጅን ኳስ ከሜዳው ውጪ ላከው። ሂውስተን በሚቀጥለው ጨዋታ አሸንፎ አለፈ፤ ሊጅ ግን በፍጻሜው በሁለተኛው ጨዋታ እንደገና ተመታ። የመታው የቺካጎ ዋይት ሶክሱ ስኮት ፖድሴድኒክ በዚያ ዓመት መደበኛ ውድድር አንድም ሆም ራን (ከሜዳ ውጪ የወጣ ምት) አልነበረውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ፊላደልፊያ ፊሊስ ተዛወረ። በ2008 መደበኛ ውድድር 41 ጊዜ መሪነት ተረክቦ 41ዱንም አስጠበቀ፤ በማጣሪያውና በፍጻሜው ሰባት ጊዜ መሪነት ተረክቦ ሰባቱንም። የፍጻሜውን የመጨረሻ ሰው ያስወጣውም እሱ ነው፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ከ1983 ጀምሮ በየትኛውም ትልቅ ስፖርት ዋንጫ ያላየች ከተማ አደባባይ ወጣች።

በ2009 ያው ሰው፣ ያው መለያ፣ ያው ሜዳ። በዘጠኝ ዙር የሚሰጠው አማካይ ነጥብ ከ1.95 ወደ 7.21 ዘለለ። አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ስምንት ተሸነፈ፣ 11 ጊዜም መሪነት አስነጠቀ። ጉልበቱም ክርኑም ጤነኛ አልነበሩም፤ ከውድድሩ በኋላ ለሁለቱም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፦ ከ42 አጋጣሚዎች 31ዱን አስጠብቋል። ሠላሳ አንዱ ሌሊት ተረስቶ አሥራ አንዱ ብቻ የሚታወሰው ደጋፊው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሥራው ሲሳካ ምንም አይፈጠርም፤ ቡድኑ ሲመራ ነበር፣ እየመራ ጨረሰ።

የሊጅ መሣሪያ ስላይደር ነበር፤ እንደ ፈጣን ኳስ መጥቶ መቺው ሊመታው ሲል ወደ መሬት የሚከዳ ኳስ። ከወርዋሪው እስከ መቺው ያለው ርቀት 18 ሜትር ከ44 ሳንቲሜትር ስለሆነ፣ መቺው ለመወሰን ያለው ጊዜ ከግማሽ ሴኮንድ ያንሳል። ግን ስላይደር መሬት ነክቶ ከተቀባዩ እጅ ካመለጠ፣ ሦስተኛው ቤዝ (ሯጭ የሚያርፍበት ማዕዘን) ላይ ያለ ሯጭ ሮጦ ነጥብ ያስቆጥራል። በ2009 ፍጻሜ አራተኛ ጨዋታ የሆነውን ከዚህ አንጻር ማየት ይገባል። ውጤቱ 4 ለ 4 ነበር፣ ሁለት ሰው ወጥቷል። የተጋጣሚው ያንኪስ ተጫዋች ጆኒ ዴመን ዘጠኝ ኳስ ታግሶ አንደኛው ቤዝ ደረሰ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን ሰረቀ፣ ማለትም ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ያዘው፤ ተከላካዮቹ ለመቺው ሲሉ ቦታ ቀይረው ስለነበር ሦስተኛው ቤዝ ባዶ መሆኑን አይቶ ሩጫውን ቀጠለ። ሊጅ ምርጥ ኳሱን እንደ ልቡ መወርወር የማይችልበት ጥግ ውስጥ ገባ። ያንኪስ ሦስት ነጥብ አስቆጥሮ 7 ለ 4 አሸነፈ።

አሰልጣኙ ቻርሊ ማኑኤል ያን ዓመት ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሊጅን አልተወውም። በእኔ እምነት ትዕግሥቱ በዝቷል። ሌሎች ደህና ክንዶች እያሉ የታመመ ክንድ መላክ የአሰልጣኙ ውሳኔ ነው፤ ደጋፊ በዚህ ቢቆጣ እውነት አለው። ቁጣው ወደ ሰውየው ሲዞር ግን ፊላደልፊያ ከዚያ በፊት መጥፎ ነገር አይታለች። በ1993 የፊሊስ ክሎዘር ሚች ዊሊያምስ 43 ሴቭ ይዞ ፍጻሜ ደረሰ። በአራተኛው ጨዋታ መሪነት ካስነጠቀ በኋላ የግድያ ዛቻ ደረሰው፤ ይህ ከማንኛውም ሽንፈት የከፋ አሳፋሪ ነገር ነው። በስድስተኛው ጨዋታ ቡድኑ 6 ለ 5 ሲመራ እንደገና ተላከ፣ የቶሮንቶው ጆ ካርተር ባስቆጠረው ባለሦስት ነጥብ ሆም ራን ዋንጫው አመለጠ። ዊሊያምስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሂውስተን ተሸጋገረ።

ቤዝቦልን ገና መከታተል የጀመረ ሰው በዘጠነኛው ዙር ሁለት ነገር ቢያይ ይጠቀማል። የመጀመሪያው ወርዋሪው ትናንትና ከትናንት ወዲያ መወርወር አለመወርወሩ ነው፤ ሦስተኛ ተከታታይ ቀኑ ከሆነ ፍጥነቱ ሊቀንስ ይችላል። ሁለተኛው መቺዎቹ መሬት የሚነካውን ኳስ ለመምታት መሞከራቸው ወይም ዝም ማለታቸው ነው፤ ዝም ካሉ ወርዋሪው መሐል ለመሐል ለመወርወር ይገደዳል፣ ያኔ ይመታል። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ አዲስ ደንብ አለ፦ የገባ ወርዋሪ ካልተጎዳ ወይም ዙሩ ካላለቀ በስተቀር ቢያንስ ሦስት መቺ ሳይገጥም አይቀየርም። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቤዝ ቢያስይዝም እንኳ አሰልጣኙም ደጋፊውም ሦስተኛውን መጠበቅ አለባቸው።