የአባቴ አጭር ምንሽርና የልጅ ልጄ የእንጨት ጠመንጃ

ጥር 23 ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና «እምዬ፣ የአባትሽን ጠመንጃ አንግቼ ፈረስ ብቀመጥ ምን ይመስልሻል?» አለኝ። ወዲያው አልመለስኩለትም። ጀበናውን ከእሳቱ አወረድኩና «እስኪ ላስብበት» ብዬ አሳደርኩት።

ጥያቄው አላስገረመኝም። አዘና ተወልዶ ፈረስ የማያምረው ልጅ አላውቅም። አዘና ከአንከሻ፣ ከባንጃ፣ ከዚገም፣ ከኳኩራ፣ ከጫራና ከመተከል ጋር ከሰባቱ የአገው ቤቶች አንዱ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ገና ከአገር ሳይወጣ፣ ተመሠረተ። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረው በዓሉ በዓድዋና በአርበኝነቱ ዘመን ከሰው ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ያስባል። ዛሬ አባላቱ በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። ልጁ በዚያ ሜዳ ላይ ግላስ የለበሰ ፈረስ፣ ጎፈርና ጋሻ፣ ግልቢያና ጉግስ እያየ ነው ያደገው። ከሁሉ ይልቅ ግን ልቡን የወሰደው በሽማግሌዎቹ ትከሻ ላይ የሚያየው አጭር ጠመንጃ ነው።

የአባቴም ያው አጭር ምንሽር ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1891 የተቀበሉት፣ ጥይቱ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ጊዜ ስድስት የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። እግረኛው የሚይዘው ረጅሙ 1 ሜትር ከ29 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ለፈረሰኛ የተሠራው ግን 92 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሳንጃውም ተነቃይ ሳይሆን አፈሙዙ ሥር የሚታጠፍ ነው። ማጠሩ ለጌጥ አልነበረም። ፈረስ ላይ ሆኖ ረጅም ጠመንጃ ከቀኝ ወደ ግራ ለማዞር የሞከረ ሰው የፈረሱን አንገት ሳይመታ አይቀርም። አባቴ የቤቱን ጠመንጃዎች ሲቆጥር መጀመሪያ የሚያነሳው የእርሱን አባት ውጅግራ ነበር። ይህ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጣችው፣ አንድ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። ስሙም «ፉዚል ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር በእኛ አፍ ተለውጦ የቀረ ነው። ምንሽሩን ግን ከማረከው ጣሊያን ይልቅ ያደንቀው ነበር።

ነገሩን ለቤተሰቡ ሳወራ፣ አሜሪካ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ በስልክ ፎቶ ላከልኝ። በፎቶው ላይ ያለው የዛሬ 150 ዓመት የፈረሰኛ ጠመንጃ ይመስላል። ሰደፉ የተወለወለ እንጨት ነው፤ የናስ ማሰሪያ አለው፤ በጎኑ ኮርቻ ላይ ማንጠልጠያ ቀለበት ተደርጎበታል። ውስጡ ግን አዲስ ነው። እዚያ ልጆች ዒላማ የሚለማመዱበት፣ ጥይቱ 5.6 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ጠመንጃ ነው፤ መምቻው የቀለሁን መሃል ሳይሆን ጠርዙን ይመታል። የድሮ ነገር የሚወዱ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ሰደፉን እየቀየሩ ጥንታዊ ያስመስሉታል አለኝ። እንደ ነገረኝ ከሆነ ማስመሰሉ መሠረት አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በነበረው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ፈረሰኞች የታጠቁት ሰባት ጥይት የሚጎርሰው ስፔንሰርም ቀለሁ ጠርዙ ላይ ነበር የሚመታው። «ለልጁም እንዲህ ያለ ቢገኝለት መልካም ነው፤ ጥይቱ ትንሽ ናት» ሲል ጨመረበት።

እኔ ደግሞ በነርስነት ባሳለፍኩት ዘመን ትንሽ ጥይት የሚባል ነገር አላውቅም። ያቺ ትንሽ የተባለችው ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። በአገራችንም ማንኛውም ጠመንጃ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይፈልጋል። የሕፃን መጫወቻ የሚሆንበት መንገድ የለም።

ከዓመታት በፊት እሠራበት ወደነበረው ጤና ጣቢያ አንድ አባት የስምንት ዓመት ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ታላቅ ወንድሙ ከግድግዳው አውርዶ ሲነካካው የባረቀ ጠመንጃ ጭኑን መትቶታል። አባትየው የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጥይት የለውም ብዬ ነበር፣ ጥይት የለውም ብዬ ነበር።» ቁስሉ ላይ ቡና ተነስንሶበት ስለነበር ከደሙ ጋር ጭቃ ሆኗል። ጋቢውን አጥፈን አጥብቀን ጫንነው፣ እስከ ሆስፒታል ድረስም እጃችንን ከላዩ አላነሳንም። ልጁ ተረፈ፤ እስከ ዛሬ ግን ያነክሳል። አያቶች ይህን አስታውሱልኝ፦ ቡናም አፈርም አይነስነስበት፤ ውስጥ የቀረ እርሳስ ለማውጣት አይሞከር፤ ንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ ጭኖ መሮጥ ብቻ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌም አይረሳ።

ስለዚህ የወንድሜን ልጅ ሐሳብ ገለበጥኩት። እነርሱ በሚተኩስ ነገር ላይ የድሮ መልክ ያለብሳሉ፤ እኛ መልኩን ብቻ እንወስዳለን አልኩ። ጎረቤታችን አናጢ የአባቴን ምንሽር በክር ለካው። ሙሉው ርዝመት ለልጁ ስለሚበዛበት 80 ሳንቲ ሜትር ላይ አቆምነው። ሰደፉ ከዋንዛ ተጠረበ። ዋንዛ ለቢላ ይታዘዛል፣ ሲወለወልም የድሮ ጠመንጃ ቀለም ይይዛል። አናጢው አንድ ስንጣሪ ዲከረንስ ሞክሮ ነበር፤ «ይሄስ ለከሰል ይቅር» ብሎ ጣለው። የጎኑ ቀለበት ከተሰበረ ልጓም ላይ የተገኘ ነው። ማንገቻው የእኔ አሮጌ የቦርሳ ጠፍር ነው።

የተከራከርነው በአፈሙዙ ነው። አናጢው የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ይዞ መጣና «እትዬ፣ ብረት ካልሆነ እኮ ጠመንጃ አይመስልም» አለኝ። አሻፈረኝ አልኩ። ቧንቧ ያገኘ ልጅ የሚጠቀጥቅበት ነገር አያጣም፤ እንዲህ ባለ ጨዋታ የተቆረጠ ጣት በገዛ እጄ አሽጌአለሁ። በመጨረሻ የእንጅባራ ቀርከሃ አመጣን። ጫፉን አንጓው ላይ ስለቆረጥነው አፉ በተፈጥሮው ድፍን ነው። በጥላሸትና በዘይት ሲታሽ ከሩቅ ብረት መሰለ። ልጁ የተደሰተበት ይህ ነበር፤ እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

ልጄ፣ የልጁ እናት፣ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። «እማዬ፣ በዚህ ጊዜ የጠመንጃ መልክ ያለው ነገር ለልጅ ይሰጣል? ከሩቅ የሚያየው ሰው እንጨት መሆኑን በምን ያውቃል?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ጥይት እንዳይወጣበት ስጠነቀቅ፣ በእርሱ ምክንያት ጥይት ሊመጣበት እንደሚችል ዘንግቼ ነበር። ያን ዕለት አፈሙዙን አንድ ስንዝር ያህል ቀይ ቀለም ቀባነው። ከግቢ እንዳይወጣም ተስማማን። ልጁ አለቀሰ። ቀለሙ «አበላሸው» ብሎ ሁለት ቀን አላናገረንም፤ እንጀራውንም ብቻውን በላ።

የእውነተኛውን ጉዳይ ደግሞ ከወንድሜ ጋር ጨረስን። ፈቃዱ በእርሱ ስም ነው። ጥይት እንደሌለበት ሁለታችንም ተራ በተራ አየን፤ ቃታውን አወለቅንና ለብቻው በሌላ ሳጥን ቆለፍንበት። ቁልፉ አንገቴ ላይ ካለው ማተብ ጋር ነው።

ጥር 23 ልጁ ከአጎቱ ኋላ በአለንጋ ብቻ ጋለበ። ማታ ሲመለስ ደክሞታል፤ ጉልበቱም ተልጧል። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ እያጠብኩለት ሳለ ዓይኑ ግድግዳው ላይ፣ ከአባቴ ፎቶ ሥር የተሰቀለው የእንጨት ጠመንጃ ላይ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ እንደተባሉ በትምህርት ቤት ሰምቷል። አሁን አናጢው በሰደፉ ላይ የፈረስ ስም እንዲቀርጽለት ይፈልጋል። የአባቴን ስጠው ብለው «እርሱ የራሱ ነው፣ እኔ የራሴን ነው የምፈልገው» አለኝ። ሦስት ስም አውጥቶ ሦስቱንም ሰርዟል። አናጢው መሮውን ይዞ ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመልሷል።