ስድስት ሳምንት በዩኒቨርሲቲ ግቢ፦ አፕዋርድ ባውንድን እንተዋወቅ

ሰኔ አጋማሽ ላይ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጭር ይላሉ። መደበኛ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሄደዋል፤ ዶርሞቹም ተለቅቀዋል። በዚያው ሰሞን በአገሪቱ ዙሪያ በብዙ ግቢዎች በር ላይ ሻንጣና ትራስ ያቀፉ የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ይታያሉ። ከአብዛኞቹ ቤተሰብ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተመረቀ ሰው የለም። ለስድስት ሳምንት ያህል ዶርም ያድራሉ፣ በዩኒቨርሲቲው ካፌ ይበላሉ፣ በቤተ ሙከራውና በቤተ መጻሕፍቱ ይሠራሉ። ወላጆቻቸው የሚከፍሉት ሳንቲም የለም። ይህ አፕዋርድ ባውንድ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ስድሳ ዓመት የሆነው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሥራ ሲሆን፣ በእኔ እምነት ያ መንግሥት ለድሃ ልጅ ካሰባቸው ነገሮች ሁሉ በብልሃት የተሠራው ይህ ነው።

አመጣጡ እንዲህ ነው፤ እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1964 በድህነት ላይ ጦርነት አውጀው፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የኢኮኖሚ ዕድል ሕጉን ፈረሙ። ጆንሰን ጉዳዩን በወሬ ብቻ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። በወጣትነታቸው፣ በ1928 ኮቱላ በምትባል የቴክሳስ ትንሽ ከተማ የሜክሲኮ ስደተኞችን ልጆች አስተምረዋል። ከእነዚያ ልጆች አብዛኞቹ ኮሌጅ የመግባት ተስፋ እንዳልነበራቸው ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላም ያነሱት ነበር። በ1964 ክረምት ደግሞ የሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ ሰጥቶ፣ ፕሪንስተን፣ ዳርትመዝና ኦበርሊን የድሃ ቤተሰብ ልጆችን በግቢያቸው ተቀብለው የክረምት ትምህርት ሞከሩ። መንግሥት ሐሳቡን አነሳና በ1965 ክረምት በ17 ተቋማት ወደ 2,000 ለሚሆኑ ተማሪዎች የሙከራ ፕሮግራም ከፈተ። በቀጣዩ ዓመት ተቋማቱ ከ200 በላይ ሆኑ፣ ተማሪዎቹም ወደ 20,000 ደረሱ። ፕሮግራሙ በኋላ ከድህነት ዘመቻው መሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደ ፌዴራሉ የትምህርት ቢሮ ተዛወረና ከሁለት መሰሎቹ ጋር ትሪዮ (ሦስትዮሽ እንደማለት) የሚል የጋራ ስም ወጣላቸው። ዛሬ ትሪዮ ከሦስት በላይ ፕሮግራሞች አሉት፤ ስሙ ግን እንደጸና ነው።

ማን ይገባል የሚለው ጥያቄ ፕሮግራሙን ከሌላው የነጻ ትምህርት ዕድል ይለየዋል። ሕጉ ከክፍሉ አንደኛ የወጣውን ልጅ አምጡ አይልም። ከተማሪዎቹ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛዎቹ ሁለት ነገር እንዲያሟሉ ይጠይቃል። አንደኛው፣ ግብር የሚከፈልበት የቤተሰቡ ገቢ መንግሥት ካወጣው የድህነት መስመር ከአንድ ተኩል እጥፍ እንዳይበልጥ ነው። ሁለተኛው፣ እናትም አባትም ባችለር ዲግሪ የሌላቸው እንዲሆኑ ነው። የቀሩት አንድ ሦስተኛ ተማሪዎች ከሁለቱ አንዱን ቢያሟሉ፣ ወይም በትምህርታቸው ወደ ኋላ የመቅረት አደጋ ካለባቸው ይበቃል። ስምንተኛ ክፍልን የጨረሱ፣ ከ13 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች ማመልከት ይችላሉ።

ሁለተኛው መስፈርት፣ ማለትም የወላጅ ዲግሪ፣ ወደ ሕጉ የገባው በ1980 ነው። ለዚህ ብዙ የደከመው በማርኬት ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ፕሮግራም ይመራ የነበረው አርኖልድ ሚቸም ነው። ክርክሩ ግልጽ ነበር፤ ልጅን ከኮሌጅ የሚያስቀረው የገንዘብ እጦት ብቻ አይደለም፣ ቤት ውስጥ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩም ነው። የማመልከቻ ቀን መቼ እንደሚያልፍ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የትኛው ሒሳብ ካልተወሰደ በኋላ ምሕንድስና እንደማይታሰብ፣ የገንዘብ ድጋፍ ቅጹ እንዴት እንደሚሞላ፣ ይህን ሁሉ ዲግሪ ያለው ወላጅ እራት ላይ ይነግረዋል። ሌላው ልጅ የሚጠይቀው የለም። ይህ መስፈርት የከተማ ጥቁር ልጆችን፣ የአፓላቺያ ተራሮች ነጭ ድሆችን፣ የሜክሲኮ እርሻ ሠራተኞችን ልጆችና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን በአንድ ጣሪያ ሥር አገናኘ። ፕሮግራሙ በብዙ የምርጫ ወረዳዎች ደጋፊ ሊያገኝ የቻለው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። የአንዱ ዩኒቨርሲቲ አሠራር ከሌላው ቢለያይም የቀኑ ውሎ ተመሳሳይ ነው። ጠዋት ከቁርስ በኋላ ትምህርት ይጀመራል። ሒሳብ፣ የቤተ ሙከራ ሳይንስ፣ የጽሑፍ ድርሰት፣ ሥነ ጽሑፍና የውጭ ቋንቋ በሕግ የታዘዙ ናቸው። የሚማሩት ያለፈውን ዓመት አይደለም፤ በመጪው መስከረም የሚጠብቃቸውን ነው። ዘንድሮ አልጀብራ የጨረሰች ልጅ በክረምቱ ጂኦሜትሪን ትጀምራለች። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲከፈት ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ መምህሩ የሚናገረውን አስቀድማ ታውቀዋለች። ይህ በልጅ መንፈስ ላይ የሚያደርገውን ያስተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እጇን ማንሳት ትጀምራለች።

ከሰዓት በኋላ ቲያትር፣ ኮምፒውተር፣ ስፖርት ወይም የትንሽ ምርምር ሥራ ይኖራል። ማታ የጥናት ሰዓት አለ፤ ስልክ ይቀመጣል። በዶርሙ አብረዋቸው የሚያድሩት አስጠኚዎች የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ከእነሱ መካከል ከጥቂት ዓመት በፊት በዚያው ፕሮግራም ያለፉ አይታጡም። እኔ ከሁሉም በላይ ቦታ የምሰጠው ለእነዚህ አስጠኚዎች ነው። ፕሮፌሰር ሲያስተምር ልጁ ያደንቃል፤ ከሰፈሩ የወጣ፣ እንደሱ የሚናገር፣ እናቱ እንደሱ እናት ሆቴል የምታጸዳ የሃያ ዓመት ወጣት ኬሚስትሪ ሲያስረዳው ግን ለራሱ ማሰብ ይጀምራል። ዩኒቨርሲቲ የሌላ ሰው አገር መሆኑ ይቀራል። ልብስ ማጠቢያው የት እንዳለ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እርዳታ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ከማያውቁት ልጅ ጋር አንድ ክፍል እንዴት እንደሚታደር ተምሮ ይወጣል። ብዙ ጎበዝ ተማሪ አንደኛ ዓመት ላይ የሚወድቀው በካልኩለስ ሳይሆን በእነዚህ ነገሮች መሆኑን ያዩ ሰዎች ናቸው ፕሮግራሙን የቀረጹት።

ክረምቱ ሲያልቅ ግንኙነቱ አይቋረጥም። በትምህርት ዘመኑ በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ ማስጠናት አለ፣ በአብዛኛው ቅዳሜ። የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ዝግጅት፣ የትምህርት ምርጫ ምክር፣ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል ገንዘብ ድጋፍ ቅጽ መሙላት፣ ስለ ብድርና ቁጠባ ትምህርት ይሰጣል። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ እስከ አሥራ ሁለተኛ ይቆያል። አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ በኋላ ባለው ክረምት ብዙ ፕሮጀክቶች ድልድይ የሚሉት ጊዜ አላቸው። ተመራቂው ከእውነተኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር እውነተኛ ኮርስ ወስዶ፣ ገና ፍሬሽማን ሳይባል ውጤት ያስመዘግባል።

የገንዘቡንም ነገር ላንሳ። ሕጉ በክረምት ወራት እስከ 60 ዶላር፣ በሌላው ጊዜ እስከ 40 ዶላር በወር የኪስ ገንዘብ እንዲሰጥ ሲፈቅድ ኖሯል። ይህ ትንሽ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በክረምት በርገር ቤት ሠርቶ ለቤት ኪራይ የሚያግዝበት ቤተሰብ ብዙ ነው፤ እንዲህ ላለው ቤት ስድስት ሳምንት ማለት የጠፋ ደመወዝ ነው። ሥራ ቦታ ተመድበው ለሚለማመዱ በክረምት እስከ 300 ዶላር በወር መፍቀዱ ጥቂት ይረዳል። ሆኖም የኪስ ገንዘቡ ከኑሮው ጋር ሊያድግ ይገባው ነበር።

ከፕሮግራሙ ከወጡት ሰዎች መካከል በሮድ አይላንድ ሴንትራል ፎልስ በከፋ ችግር ያደገችው ተዋናይት ቫዮላ ዴቪስ አለች። ኦፕራ ዊንፍሬይም የፕሮግራሙ ልጅ ናት። የሜክሲኮ ተዘዋዋሪ እርሻ ሠራተኞች ልጅ የሆነው ሆሴ ኸርናንዴዝም አለ፤ በ2009 በዲስከቨሪ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ወጥቷል። የሚያኮሩ ስሞች ናቸው፤ ግን ፕሮግራሙን የምለካው በእነሱ አይደለም። በየዓመቱ ከሚያልፉት ከ60 ሺህ በላይ ልጆች አብዛኞቹ ነርስ፣ መምህር፣ ሒሳብ ሠራተኛ ሆነው የሚኖሩ ናቸው፤ ለቤተሰባቸው ይህ ከጠፈር አያንስም።

ለመሆኑ ይሠራል ወይ? በዚህ ላይ አሜሪካኖች ብዙ ተከራክረዋል። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ባሠራው ትልቅ ጥናት፣ ከ1992 እስከ 1994 ባሉት ዓመታት በ67 ፕሮጀክቶች ካመለከቱ ወደ 2,800 የሚጠጉ ልጆች መካከል በዕጣ ግማሾቹ ገቡ፣ ሌሎቹ ቀሩ፤ ከዚያ አጥኚዎቹ ሁለቱንም ወገኖች ለዓመታት ተከታተሏቸው። በ2009 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ፕሮግራሙ በአማካይ ኮሌጅ በመግባት ላይ ያመጣው ልዩነት ብዙም አልታየም አለ። ግን ሲገቡ ከራሳቸው ትንሽ ይጠብቁ የነበሩ፣ ኮሌጅ እጨርሳለሁ ብለው ያላሰቡ ልጆች ላይ ውጤቱ ጎልቶ ወጣ። ማርጋሬት ካሃላን የምትባል ተመራማሪ መረጃውን እንደገና ስትመረምር ደግሞ አንድ ፕሮጀክት ብቻ ከጠቅላላው ክብደት ከሩብ በላይ እንደያዘ አሳየች። ያ ሲስተካከል ውጤቱ ወደ ጥሩው ዞረ። በዕጣው የቀሩት ልጆችም ባዶ እጃቸውን አልቀሩም፤ ብዙዎቹ ሌላ መሰል ድጋፍ አግኝተዋል። እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ፕሮግራሙ አብልጦ የሚጠቅመው ቀድሞውኑ ኮሌጅ እገባለሁ ያለውን ሳይሆን ያላሰበውን ልጅ ከሆነ፣ መልማዮች ከብሩህ ተማሪ ይልቅ በክፍሉ ጥግ ዝም ብሎ የተቀመጠውን መፈለግ አለባቸው።

ከጥናቱ ጋር የመጣው ጥያቄ ደግሞ ከቁጥሩ የከበደ ነው። ከ2006 በኋላ ሌላ ጥናት ሲታቀድ፣ ፕሮጀክቶች ከሚቀበሉት ሁለት እጥፍ ልጅ መልምለው ግማሹን በዕጣ እንዲመልሱ ተጠየቁ። አስተማሪዎቹ ተቆጡ። ደጅ ለደጅ ዞረህ፣ ወላጅ አሳምነህ፣ ተስፋ ሰጥተህ ያመጣኸውን ልጅ ለማነጻጸሪያ ብቻ ወደ ቤትህ ሂድ ማለት እንዴት ይቻላል? ኮንግረስ በ2008 ሕግ አውጥቶ ይህን ዓይነቱን አሠራር ከለከለ። ጥናት አስፈላጊ ነው፤ ክልከላው ግን ትክክል ነበር።

የበጀት ትግሉ የማያቋርጥ ነው። የቡሽ አስተዳደር በ2005 ፕሮግራሙን ለማጠፍ ሐሳብ አቀረበ፣ ኮንግረስ አልተቀበለውም። በ2025 የትራምፕ አስተዳደር ለ2026 ባቀረበው የበጀት ሐሳብ ትሪዮን በሙሉ ለማስቀረት ጠየቀ። አንዳንዴ አደጋው የሚመጣው ከትንሽ ነገር ነው፤ በ2017 ወደ 40 የሚጠጉ ማመልከቻዎች በመስመር ክፍተትና በመሳሰሉት የአጻጻፍ ደንቦች ምክንያት ሳይነበቡ ተጣሉ። በኦሃዮ የዊተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የወደቀው በሁለት ሥዕላዊ መግለጫዎች ውስጥ መስመሮቹ ከታዘዘው በላይ በመጠጋጋታቸው ነበር። ጩኸት ከተሰማ በኋላ ሚኒስቴሩ ውሳኔውን አንስቶ ማመልከቻዎቹ እንዲታዩ ፈቀደ። ለአንድ መስመር ክፍተት የስንት ልጆች ክረምት ሊቀር እንደነበር ማሰብ ያሳዝናል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በአሜሪካ ያሉ ወገኖቼ ጉዳዩ የእነሱም መሆኑን እንዲያውቁ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስ የሚያድጉ ብዙ የሐበሻ ልጆች መስፈርቱን ያሟላሉ። ዜግነት ግዴታ አይደለም፤ በዲቪ የመጣ፣ ግሪን ካርድ ያለው ይችላል፤ በስደተኝነት የተፈቀደላቸው ቤተሰቦች ልጆችም መንገድ አላቸው። ገቢያችን ይበልጣል ብላችሁ አትተዉ፤ የሚታየው ጠቅላላ ገቢው ሳይሆን ግብር የሚከፈልበት ነው። ከአገር ቤት ዲግሪ ይዞ መጥቶ ታክሲ የሚነዳ አባትም ልጁ በወላጅ ዲግሪ መስፈርት ባይገባ በገቢው በኩል ሊያመለክት ይችላል።

ልጅን፣ በተለይም ሴት ልጅን፣ ስድስት ሳምንት ከቤት ማሳደር ለወላጅ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። አቅልላችሁ አትዩት፣ ጠይቁ። ወንድና ሴት በየትኛው ፎቅ እንደሚያድሩ፣ ማታ ማን እንደሚቆጣጠር፣ ቅዳሜና እሑድ መምጣት ይቻል እንደሆነ ሠራተኞቹ ሊነግሯችሁ ይገባል። ፕሮግራሙ የሐዋርያትን ጾም ሊነካ ስለሚችል የጾም ምግብ አስቀድማችሁ አሳስቡ፤ ሙስሊም ልጆችም የስግደት ቦታና ሐላል ምግብ መጠየቅ ይችላሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፕሮግራሙ በሁሉም ትምህርት ቤት የለም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያገለግላቸው የተመረጡ ትምህርት ቤቶች አሉት፤ ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች የሚይዙትም ከመቶ ያነሰ ልጅ ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪደርስ አትጠብቁ። ልጃችሁ ዘንድሮ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት ትምህርት ቤቱ ሄዳችሁ ካውንስለሩን «እዚህ አፕዋርድ ባውንድ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የለም ካሏችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ያለው ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የትሪዮ ቢሮ ደውሉና የትኞቹን ትምህርት ቤቶች እንደሚቀበል እወቁ።