የጡንቻና የጅማት አልትራሳውንድ ኮርስ፦ ከመክፈላችሁ በፊት

ጊቫት ሽሙኤልም ሆነ ጎረቤቷ ፔታህ ቲክቫ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት በቤተሰባችሁ ካለ ይህን ገጽ ቆርጣችሁ አስቀምጡለት። ዲግሪውን ጨርሶ፣ ፈቃዱን አውጥቶ፣ ሥራ ከያዘ በኋላ «ቀጥሎ ምን ልማር?» ማለቱ አይቀርም። ከሚቀርቡለት መልሶች አንዱ የጡንቻ፣ የጅማትና የመገጣጠሚያ አልትራሳውንድ ነው። ትምህርቱ ጥሩ ነው። ገንዘብ የሚበላውም ኮርስ እዚያው ጎን ይሸጣል።

አብዛኞቻችን አልትራሳውንድን የምናውቀው ከእርግዝና ጋር ነው። ያው መሣሪያ ትከሻ፣ ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ ሲያርፍ ጅማቱ ተበጥሶ እንደሆነ፣ አብጦ እንደሆነ፣ መገጣጠሚያው ውኃ ቋጥሮ እንደሆነ ያሳያል። ጨረር የለውም። ታካሚው እጁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ጅማቱ ሲንቀሳቀስ ማየት ይቻላል። አገር ቤት ወጌሻ በጣቱ ዳስሶ የሚፈልገውን እዚህ በስክሪን ይፈልጉታል ብንል ከእውነት አንርቅም። ሁሉን ግን አያሳይም፤ ድምፁ አጥንትን አልፎ ስለማይገባ አጥንት ውስጥ ያለውንና ጉልበት መሐል የተደበቁትን ጅማቶች ለማየት ኤም አር አይ ያስፈልጋል።

ከባዱ ነገር መሣሪያውን መግዛት አይደለም፤ እጅና ዐይን ማሠልጠን ነው። ጤነኛ ጅማት በስክሪኑ ላይ ነጣ ብሎ፣ ክሮቹ ተደርድረው ይታያል። ድምፁ ቀጥ ብሎ በ90 ዲግሪ ካላረፈበት ግን ያው ጤነኛ ጅማት ይጠቁራል። የተቀደደ ጅማትም የሚታየው ጠቁሮ ነው። ስለዚህ የመርማሪው እጅ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ዘንበል ቢል፣ ምንም ያልሆነውን ሰው «ጅማትህ ተቀድዷል» ብሎ ሊልከው ይችላል። ባለሙያዎቹ አኒሶትሮፒ ይሉታል። በማንኛውም ኮርስ መጀመሪያ ላይ ይነገራል፤ ተነገረ ማለት ግን እጅ ለመደው ማለት አይደለም። ጥልቀትም የራሱ ጣጣ አለው። ከቆዳ ሥር ቅርብ ላለው ጅማት ከ10 ሜጋኸርዝ በላይ የሆነ ድምፅ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፤ እንደ ዳሌ ላለ ጥልቅ ቦታ ዝቅ ያለ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ጠልቆ ይገባል፣ ምስሉ ግን ይደበዝዛል።

ስለዚህ ኮርስ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ቀን ነው?» ብላችሁ አይሁን። «ስንት ሰው እመረምራለሁ? አጠገቤ ቆሞ የሚያርመኝ ማን ነው?» በሉት። በብሪታንያ ይህ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች በድኅረ ምረቃ ደረጃ ይሰጣል፤ ኬዝ የሚባል ዕውቅና ሰጪ አካል ፕሮግራሞቹን ይመረምራል። ተማሪው በሥራ ቦታው ልምድ ያለው ተቆጣጣሪ ይዞ፣ የሠራቸውን ምርመራዎች እየመዘገበ ወራት ያሳልፋል። በአሜሪካም አር ኤም ኤስ ኬ የሚባል በፈተና የሚገኝ ማረጋገጫ አለ፤ ከሐኪሞች ሌላ ፊዚዮቴራፒስቶችም ይዘውታል። በሁለት ዐርብ ጠዋት የሚያልቅ ኮርስ መግቢያ ሊሆን ይችላል። «ስፔሻሊስት ትሆናለህ» ካለ ግን ቦርሳችሁን ዝጉ።

ሁለተኛው ነገር ወረቀቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የእስራኤል የጤና ሙያዎች ሕግ፣ አንድ ሰው ፊዚዮቴራፒስት ነኝ እንዲል የሚስራድ ሀብሪዑትን ማስረጃ ይጠይቃል። የኮርስ ሰርተፊኬት በዚያ ላይ የሚጨመር ሌላ ፈቃድ አይደለም፤ ይህን ተምሬያለሁ የሚል ወረቀት ነው። ማስታወቂያው «ከኮርሱ በኋላ ራስህ ዲያግኖዝ ትጽፋለህ» ካለ፣ በየትኛው ደንብ መሠረት እንደሆነ በጽሑፍ ይመልሱላችሁ። አሠሪያችሁንም፣ ክላሊት ይሁን ማካቢ፣ መኡሄዴት ይሁን ሌኡሚት፣ ቀድማችሁ ጠይቁ፦ ክሊኒካችን ውስጥ መሣሪያው አለ? እንድሠራበት ይፈቀድልኛል? ብሳሳት የሙያ መድኑ ይሸፍነኛል? ከሦስቱ አንዱ «አይ» ከሆነ ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ይቀራል።

መሣሪያ ሻጭ ራሱ የሚያዘጋጀው ኮርስም አለ። ባተርፍላይ አይኪው የተባለው ከስልክ ጋር የሚገጠም መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ገበያ ሲገባ ዋጋው 2,000 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ከዚያ በፊት ለክሊኒክ ብቻ የነበረ ነገር የአንድ ሠራተኛ ኪስ የሚደርስበት ሆነ። ሻጭ ማስተማሩ ነውር አይደለም። የሌላ ድርጅት መሣሪያ ላይ ስትቀመጡ ግን ቁልፎቹም ምስሉም ይለያሉና፣ በስንት ዓይነት መሣሪያ እንደምትለማመዱ ጠይቁ።

የጊቫት ሽሙኤል ነዋሪ ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ደጃፉ ላይ ስለሆነ ትምህርቱ እዚያው ያለ ሊመስለው ይችላል። የባር ኢላን የሕክምና ፋኩልቲ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው ጽፋት ነው፤ ሰሜን ድረስ መንገድ ነው። በፔታህ ቲክቫ በኩል የክላሊት የሆነው ቤይሊንሰን ሆስፒታል አለ። በሆስፒታል የምትሠሩ ከሆነ ከግል ኮርስ በፊት የራጅና የአልትራሳውንድ ክፍሉን ሐኪም «ጎንዎ ቆሜ ልይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ የለም።

ገንዘቡን በተመለከተ ትሉሻችሁን አውጡና ኬረን ሂሽታልሙት የሚል መስመር ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ሠራተኛው 2.5 በመቶ፣ አሠሪው 7.5 በመቶ ያስገቡበታል። ይህ ገንዘብ ከ6 ዓመት በኋላ ያለ ግብር ይወጣል፤ ለሙያ ማሻሻያ ትምህርት ከሆነ ግን ከ3 ዓመት በኋላም ማውጣት ይቻላል፤ የትምህርቱን ማስረጃ ታቀርባላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ በክሬዲት ካርድ ክፍያ ይገባል። አሠሪው ራሱ እንዲከፍል መጠየቅም ነውር የለውም፤ ቢበዛ እምቢ ይላል።

አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ደግሞ ሌላው የሌለው ነገር አለው። ለዓመታት በጽዳት ሥራ ትከሻቸው ያለቀ እናት፣ የምርመራው ወረቀት በዕብራይስጥ ተጽፎ ሲሰጣቸው የሚያነብላቸው ልጅ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዙሮ «እማማ፣ ይኸው ጅማትዎ፤ አልተበጠሰም፣ ቆስሏል፤ እንቅስቃሴውን እንቀጥል» የሚላቸው ሲያገኙ ነገሩ ይለወጣል። ያን የሚለው ሰው ግን እጁ ያልተንጋደደ መሆን አለበት፤ እሳቸው ያምኑታልና።

ውሉን ስትፈርሙ የስረዛውን አንቀጽ አንብቡ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለተገዛ ነገር የሸማቾች ሕግ በመደበኛው 14 ቀን ይሰጣል፤ የስረዛ ክፍያውም ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው አይበልጥም። ይሁንና ሕጉ የተጻፈው ለግልና ለቤተሰብ ፍጆታ ስለሆነ፣ ሻጩ «ይህ ለሥራ የተገዛ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። እስከ መቼ ድረስ ሰርዛችሁ ስንት እንደሚመለስላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት በውሉ ላይ በቁጥር አስጽፉ።